ቫልቭ ሲጮህ

«ጋሼ፣ መኪናዋ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምራለች። ቫልቭ ይመስለኛል፤ ይክፈቱልኝና ያስተካክሉልኝ።»

«ቆይ እስቲ፣ መቼ መቼ ነው የምትለው?»

ሹፌሩ መልስ አጣ። ድምፁን ወር ሙሉ ሲሰማው ከርሟል፤ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚተወው ግን ልብ ብሎ አያውቅም። ሽማግሌው መካኒክ መፍቻ አላነሱም። «እዚሁ ትደር» አሉት። «ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ አብረን እንሰማታለን።»

ሳሪስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ይህን ስሰማ ነገሩ ማጓተት መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን የምርመራው ግማሽ ያለቀው ገና አንድ ብሎን ሳይፈታ ነው።

መኪናዋ አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር ናት። ሞተሯ 4ቢዲ1 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኤንፒአር ላይ ይገጠም የነበረ፣ አራት ሲሊንደር ያለው የ3.9 ሊትር ናፍጣ ሞተር ነው። ኮምፒውተር አያውቅም፤ ብልሽቱን በኮድ አያወጣም። ሕመሙን የሚናገረው በድምፅ፣ በጭስና በጉልበት ማነስ ነው። ስለዚህ መርማሪው ጆሮውን ማሠልጠን ይኖርበታል።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚወለድ እንይ። ካምሻፍቱ ታች፣ ብሎኩ ውስጥ ይዞራል። እብጠቱ ታፔት የሚባለውን ትንሽ ብረት ሽቅብ ያነሳል፤ ታፔቱ ረጅሙን የግፊት ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ የሮከሩን አንድ ጫፍ ሲያነሳ ሌላኛው ጫፍ እንደ ሚዛን ወርዶ ቫልቩን ይከፍታል። መልሶ የሚዘጋው ሞላው ነው። በሮከሩና በቫልቩ ጭራ መካከል ሆን ተብሎ የሚተው ክፍተት አለ። በዚህ ሞተር ሲቀዘቅዝ 0.40 ሚሊሜትር ነው፤ አራት የጽሕፈት ወረቀት ቢደራረብ ያንኑ ያህላል። ክፍተቱ የሚተወው ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ነው። ቦታ ካልተተወለት የረዘመው ቫልቭ ከሮከሩ ጋር ይጋጭና ሙሉ በሙሉ መዘጋት ይሳነዋል።

ሮከሩ ያቺን ክፍተት ዘሎ ቫልቩን በነካ ቁጥር «ጠቅ» ይላል። ስለዚህ ጤነኛ አሮጌ ናፍጣ ሞተርም ጨርሶ ዝም አይልም፤ ስምንቱ ቫልቮች እኩል ሲያንኳኩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሰማል። የሚያሳስበው አንዱ ከሌሎቹ ለብቻው ጎልቶ ሲጮህ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ተነሳ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው መከላከያውን እየመቱ ይቆጥሩ ጀመር። ካምሻፍት አንድ ጊዜ እስኪዞር ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር ላይ ሲያዘግም አንድ ቫልቭ በደቂቃ 300 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ አምስት ጊዜ ይከፈታል። ብቻውን የሚጮህ ቫልቭ ምቱ ከሞተሩ ፍጥነት ግማሽ ነው፤ ቀጭንና ደረቅ፣ ከላይ የሚመጣ። ከታች የሚመጣ «ዱብ ዱብ» የሚል ከባድ ድምፅ ከተሰማ ግን የተበላ ብሮንዚን (የክራንክሻፍት ማቀፊያ) ያስጠረጥራል። ያኔ መኪናዋን ወደ ጋራዥ እየነዱ መውሰድ አይገባም፤ ሞተሩ እዚያው መጥፋት አለበት።

ቀጥሎ የ«መቼ» ጥያቄ መጣ። ሲነሳ ጮሆ ዘይት ሽቅብ ሲደርስ ዝም የሚል ከሆነ የዘይቱ መንገድ ይጠረጠራል። ቀዝቃዛ ሳለ ጸጥ ብሎ ሲሞቅ የሚብስ ከሆነ የሳሳ ዘይት፣ የወረደ የዘይት ግፊት ወይም የተበላ የሮከር ዘንግ ሊሆን ይችላል። ቀስ በቀስ እየጨመረ የመጣ ድምፅ የመበላት ምልክት ነው። በአንድ ቀን ድንገት የመጣ ግን የላላ ዳዶ፣ የተሰበረ ሞላ ወይም የታጠፈ የግፊት ዘንግ ነው የሚያስጠረጥረው።

«ሰሞኑን አባይ በረሃን ወርደሃል?» ሲሉ ጠየቁት።

ጥያቄው ለወግ አልነበረም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ያወርዳል። የተጫነ መኪና በተሳሳተ ማርሽ ሲወርድ ጎማው ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያስጋልበዋል። ያን ጊዜ ሞላው ቫልቩን በሰዓቱ መመለስ ያቅተውና ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ይገናኛሉ። አንዲት ቅጽበት ብቻ ብትሆንም የግፊት ዘንግ ለማጠፍ ትበቃለች። ሹፌሩ ወርዷል፤ ግን ድምፁ የጀመረው ከዚያ በፊት ነበር። ታሪኩ ወደ መበላት አዘነበለ።

አሁን ደግሞ አስመሳዮቹን መለየት ያስፈልጋል። የጭስ መውጫው ጋርኒሲዮን ሲበጠስ የሚያፈተልከው ጋዝ ልክ እንደ ቫልቭ «ጠቅ ጠቅ» ይላል፤ ግን ነዳጅ ሲረገጥና ሸክም ሲበዛ ያይላል፤ በመገጣጠሚያው ላይም ጥቁር ጥላሸት ይተዋል። ኖዝል ሲበላሽም ያንኳኳል። ሽማግሌው በጨርቅ እየሸፈኑ የየኖዝሉን የናፍጣ ቱቦ ዳዶ በተራ በተራ ትንሽ እያላሉ መልሰው አጠበቁ። እጃቸውን ከሚረጨው ናፍጣ አራቁት፤ ግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባልና። አንድ ሲሊንደር ነዳጅ ሲያጣ ድምፁ አብሮ ከጠፋ ወይም ከለዘበ ነገሩ የቃጠሎ ወይም የቢየላ (የፒስተኑ ዘንግ) ጉዳይ ነው። ሳይለወጥ ከቀጠለ ግን ቫልቩ ራሱ ነው። በአራቱም አልተለወጠም።

ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አነሱ፤ እጀታውን ጆሯቸው ሥር፣ ጫፉን በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) ክዳን ላይ አድርገው፣ ከቬንትሌተሩ ርቀው፣ ከፊት ወደ ኋላ ሄዱ። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ቆሙና ካቻቢቴውን ለሹፌሩ ሰጡት። ፊቱ በአንድ ጊዜ በራ።

ክዳኑ የተከፈተው ሞተሩ ጨርሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ 0.40 የቀዝቃዛ ሞተር ልክ ነውና። መጀመሪያ በዓይን ታየ፦ ዘይት ለሁሉም ሮከር ደርሷል? የተሰበረ ሞላ አለ? የላላ ዳዶስ? ከዚያ አንደኛው ፒስተን በመጭመቂያው ላይ ጫፍ እንዲደርስ ሞተሩ በእጅ ዞረ። የሲሊንደሮቹ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ስለሆነ በዚህ ቦታ አራት ቫልቮች ይለካሉ፦ የአንደኛው ሁለቱም፣ የሁለተኛው ማስገቢያና የሦስተኛው ማውጫ። አንድ ሙሉ ዙር ሲጨመር የቀሩት አራቱ ይለካሉ። ከዚህ ተራ የዘለለ ሰው ገና ካሙ የያዘውን ቫልቭ ይለካና በውሸት ቁጥር ይሠራል።

ትክክለኛው ክፍተት የሚታወቀው የመለኪያው ቅጠል ሲሳብ ትንሽ ሲከለክል ነው፤ ከተደራረበ መጽሐፍ ሥር ወረቀት እንደመሳብ። የሦስተኛው ማውጫ 0.40 ቅጠሉን ያለ አንዳች ከልካይ አሳለፈው፤ 0.60 ደግሞ ልክ ገባ። ሹፌሩ «ያዝ አድርገው፣ አለቀ!» ሲል ሽማግሌው ሮከሩን ፈትተው አወጡና ጫፉን በጥፍራቸው አሳዩት። መሃሉ ጎድጉዷል። ቅጠሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉድጓዱን እንደ ድልድይ ይሻገረዋል፤ ስለዚህ መለኪያው «0.40» ሲል እውነተኛው ክፍተት ከዚያ ይሰፋል። እንዲህ ያለው ሮከር ሳይለወጥ ወይም ሳይስተካከል ቢጠብቅ ድምፁ አይጠፋም። የግፊት ዘንጎቹንም መስታወት ላይ አንከባለሏቸው፤ የታጠፈ ቢኖር እየዘለለ ይንከባለል ነበር። ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው።

ረዳቱ ሶማሌ ተራ ሄዶ ሮከር ይዞ መጣ። ሽማግሌው ክፍተቱን አስተካክለው ዳዶውን ካጠበቁ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ዳዶ ሲጠብቅ ቪቴውን ይዞት ስለሚዞር ልኩ ይለወጣል። ሞተሩ ተነሳ። ስምንቱም እኩል ማንኳኳት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጠበቅ ቢያደርጉትና ጨርሶ ዝም ብትልስ?»

ሽማግሌው ከመደርደሪያው አንድ የዘይት ጣሳ አወረዱ። ከውስጡ የወጣው አሮጌ የማውጫ ቫልቭ ነው፤ ከክቡ ጠርዝ አንዱ ጎን እንደተገመጠ ዳቦ ተበልቷል። ቫልቭ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያራግፈው ሲዘጋ መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ጊዜ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ አያርፍም፤ ጋዙ በጠርዙ እየሾለከ ያቃጥለዋል። ቫልቩ ወደ ቴስታታው እየሰመጠ ሲሄድም ክፍተቱ በጸጥታ ይጠባል፤ ጭራው ሽቅብ ይወጣና ሮከሩን ያገኘዋል። ሹፌሩ የሚያውቀው ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ፣ ጠዋት አልነሳ ሲለው ነው።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል» አሉ ቫልቩን በመዳፉ ላይ እያስቀመጡለት። «ይኼ ግን አፉን ሳይዘጋ ነው ዝም ያለው።»