ሐምሌ ላይ ኑ

በሆስፒታል የደም ክፍል የምንሠራ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ይህን ሌሊት እናውቀዋለን። አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ይላል። ባል፣ ወንድም፣ ጎረቤት እየተሯሯጡ ይመጣሉ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው «የኔን ቅዱላት!» ይላሉ። ሐበሻ ደም መስጠት ይፈራል የሚል ካለ እኛ መስኮት ላይ አንድ ሌሊት ቆሞ ይይ።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ያ ወንድም አሁን የሚሰጠው ደም ለእህቱ አይደርስላትም። መጀመሪያ የደም ዓይነቱ ይለያል፤ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ከዚያ ደግሞ ከታካሚዋ ናሙና ጋር መስማማቱ በክሮስማች ይታያል። የወሊድ መድማት ይህን ሁሉ አይጠብቅም። «ወንድሜ፣ መመርመር አለበት» ስንለው ይቆጣል፤ አይፈረድበትም። እህቱን የሚያተርፋት የማታውቀው ሰው ቀደም ብሎ የሰጠው፣ ተመርምሮ ፍሪጅ ውስጥ የገባ ደም ነው። ለእድር በየወሩ የምንከፍለው ሰው ሲሞት ገንዘብ ፍለጋ እንዳንሮጥ አይደል? ደምም እንደዚያው አስቀድሞ ይዋጣል።

ታዲያ አንድ ጊዜ ብዙ ሰብስቦ ማስቀመጥስ? አይቻልም። ቀይ የደም ሕዋስ በተለመደው ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ነው። ለካንሰር ታማሚዎች በብዛት የምንፈልገው ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ፤ እሱም በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ እየተወዛወዘ።

የዓለም የደም ለጋሾች ቀን የሚከበረው የደም ዓይነቶችን ያገኘው ካርል ላንድሽታይነር በተወለደበት ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 7። በዕለቱ ድንኳን ይተከላል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ካሜራውም አይጠፋም። ደስ ይለኛል፣ ውሸት ለምን እናገራለሁ። ግን እንቁጠረው፦ ሰኔ 7 የተቀዳ ቀይ ደም ሐምሌ 12 ጊዜው ያልፋል። ያን ጊዜ ደግሞ ክረምቱ ገብቶ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ከለጋሾቻችን ብዙዎቹ የሆኑት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተበትነዋል። በዐቢይ ጾምና በረመዳንም ለጋሽ ይቀንሳል። ሰው እየጾመ ደም ይስጥ አልልም፤ ጾሙ ከመያዙ በፊት ባለው ሳምንት ብቅ ቢል ግን ብዙ ይረዳናል።

«እደክማለሁ» የሚለው ስጋት ሁሌም ይነሳል። የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ አዋቂ ሰው ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ደም አለው። የጎደለውን ፈሳሽ ሰውነት በአንድ ሁለት ቀን ይተካዋል፤ ቀይ ሕዋሱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። በየሦስት ወሩ የምንለውም ለዚሁ ነው። ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትዎ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጤናዎም ደህና ከሆነ ይችላሉ። ሄሞግሎቢንና የደም ግፊት እዚያው ይለካል፤ ካነሰ በትሕትና እንመልስዎታለን።

በሰኔ ለሚሰለፉት ምስጋናዬ የከበረ ነው። ይህን ያነበባችሁ ግን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ኑ፤ ቁርስ በልታችሁ፣ ውኃ በደንብ ጠጥታችሁ።