ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም

አሮጌ የቤንዚን ላንድክሩዘር፣ ያ ባለ 6 ሲሊንደሩ ኤፍ ጄ 45 ፒክአፕ፣ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ደህና አድርጎ ያዞረዋል። ሞተሩ ግን አንዴም አያስነጥስም። ቤንዚን አለው። ከጎረቤት የሚመጣው ምክር የታወቀ ነው፦ «ካንዴላ ቀይርለት!» ያረጀ ካንዴላ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ነዳጅ ያስበላዋል፤ ትናንት ሲሄድ የዋለን መኪና ግን ስድስቱም ካንዴላዎች ተማክረው በአንድ ሌሊት አያቆሙትም። ስድስቱም እሳት ካጡ፣ ጥፋቱ መፈለግ ያለበት ሁሉንም በሚያገለግለው ዕቃ ላይ ነው።

ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ነው። እሳቱ የካንዴላውን ጫፍ ክፍተት እንዲሻገር ግን ብዙ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። ይህን የሚያመጣው ኮይሉ ነው። በውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ፤ አንዱ ወፍራምና ዙሩ ጥቂት፣ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነና በሺዎች የሚቆጠር ዙር ያለው። በወፍራሙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የማግኔት ኃይል ይጠራቀማል። እሳቱ የሚወለደው ታዲያ ኤሌክትሪኩ ሲገባ ሳይሆን ድንገት ሲቋረጥ ነው፤ ማግኔቱ ባንዴ ሲከስም በቀጭኑ ሽቦ ላይ ቮልቴጁ ይተኮሳል። የሚያቋርጡት እሳቱን ለየካንዴላው በሚያከፋፍለው በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች፣ ፑንቲናዎቹ፣ ናቸው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እነሱ በሰከንድ 150 ጊዜ ይለያያሉ። ከጎናቸው ያለችው ኮንዴንሰር ሲለያዩ እርስ በርስ እንዳይቃጠሉ ትጠብቃቸዋለች። አሜሪካዊው ቻርለስ ኬተሪንግ ይህን አሠራር ያበጀው እ.ኤ.አ. በ1910 ለወጣው ካዲላክ ነበር፤ እስከ 1970ዎቹም ብዙ ሳይለወጥ ዘልቋል። ይህን ያህል መቆየቱ አይገርምም፤ የሚታይ፣ የሚነካ፣ በመንገድ ዳር የሚጠገን ነገር ነውና።

ፍለጋው ከመሐል ቢጀመር ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል። ከኮይሉ ወጥቶ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሐል የሚገባውን ወፍራም ሽቦ ከክዳኑ ንቀሉት። እጀታው ጎማ በለበሰ ፒንሳ ይዛችሁ (በባዶ እጅ የነካው ሰው ደግሞ አይነካውም) ጫፉን ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ነገር አጠገብ አይሁን። ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር።

ሰማያዊ እሳት ጠጠር ባለ ድምፅ ከዘለለ ኮይሉም ፑንቲናውም ደህና ናቸው። እንግዲህ ክዳኑንና በውስጡ የሚዞረውን ሮተር እዩ። በክረምት ክዳኑ ውስጥ እርጥበት ይይዛል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ቀጭን ጥቁር መስመር ከተሰመረበት ግን እሳቱ የራሱን አቋራጭ መንገድ አበጅቷልና ክዳኑ ይቀየር።

እሳት ከሌለ የ12 ቮልት መሞከሪያ አምፖል ያስፈልጋል። አንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ፤ ቁልፉን ክፈቱና ሌላውን ከቁልፉ በኩል መስመር የሚመጣበትን የኮይል ጫፍ አስነኩት። ካልበራ ጥፋቱ ከኮይሉ በፊት ነው፤ ቁልፉን፣ ፊውዙንና መስመሩን ተከተሉ። ከበራ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ጫፍ አስነኩና ሞተሩን አዙሩ። ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው እየሠራ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ኮይሉ፣ ወደ ኮንዴንሰሯና ወደ ወፍራሙ ሽቦ ይዞራል። ሳይጠፋ በርቶ ከቀረ ነጥቦቹ አይነካኩም ወይም ፊታቸው ዝጓል። ብዙ ጊዜ በቆመ መኪና ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ መጥረግ ነው። ጭራሹን ካልበራ ደግሞ ነጥቦቹ አይለያዩም፣ ኮንዴንሰሯ ከብረት ጋር ተገናኝታለች፣ አለዚያም ኮይሉ ውስጡ ተበጥሷል። ነጥቦቹ በደንብ ሲለያዩ በመካከላቸው ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ሊኖር ይገባል። ይህን ሁሉ ስትሠሩ ቁልፉን ከፍታችሁ አትርሱ፤ ነጥቦቹ ተነካክተው ከቆሙ ኮይሉ ይግላል።

አንዳንዱ መኪና ደግሞ ሞተሪኖው ሲያዞር ይነሳና ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ይጠፋል። እንዲህ ያለው ከኮይሉ በፊት የኤሌክትሪኩን መጠን የሚቀንስ ሬዚስተር ያለው መኪና ነው፤ ሬዚስተሩ ተበጥሷል፣ በሚነሳበት ጊዜ ብቻ በሌላ መስመር ይታለፋል። በሽቦ ቀጥታ የሚያገናኙት አሉ። ለዛሬ ቤት ያደርሳል፤ እንደዚያው ከቀረ ግን ፑንቲናውንም ኮይሉንም ያቃጥላል።