የአኳሪየም አሸዋ «ታጥቦ ጭቃ» እንዳይሆን

አኳሪየም የሚያስገባ ነጋዴ ስለ መስታወቱ ውፍረት፣ ስለ ፊልተሩ ጉልበትና ስለ ዓሣዎቹ ዋጋ አጥብቆ ይከራከራል። አሸዋውን ግን «አሸዋ ያው አሸዋ ነው» ብሎ በመጨረሻ ይገዛዋል። ይሁን እንጂ አንዴ ከገባ በኋላ ለመለወጥ እጅግ የሚያስቸግረው አሸዋው ነው። የተበላሸ ፓምፕ በአንድ ቀን ይተካል። አሸዋ ለመለወጥ ግን ውሃውን መቅዳት፣ ዓሣዎቹን ማውጣትና ቆሻሻውን ከሚያብላሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹን አብሮ ማጣት ግድ ይሆናል። ይህ በሆቴል ወይም በካፌ መግቢያ ላይ ሲደርስ ኪሳራው የዓሣ ብቻ ሳይሆን የስምም ነው።

ሦስቱ ዓይነቶች

አንደኛው ሲሊካ አሸዋ ነው። የውሃውን ጠባይ ስለማይለውጥ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ለሚኖሩት ለአብዛኞቹ ዓሣዎች ይስማማል። ለመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የሚሸጠው አሸዋ በአብዛኛው ከዚሁ ወገን ሲሆን፣ ፍሬው እኩል ስለሆነ ቶሎ ይረጋል።

ሁለተኛው ከኮራልና ከዛጎል ስባሪ የሚገኘው ነጭ አሸዋ ነው። ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ኖራ ስላለበት ውሃውን ቀስ በቀስ ያከብደዋል፣ ፒኤቹንም ከፍ ያደርጋል። ለማላዊና ለታንጋኒካ ሐይቆች ሲክሊዶች ተስማሚ ነው፤ ከአማዞን ለመጣው ኒዮን ቴትራ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው የግንባታ አሸዋ ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ ሆኖም አፈር፣ ኖራ፣ የሲሚንቶ ብናኝ ወይም የመኪና ዘይት ሊኖርበት ይችላል። በተለይ ከድንጋይ መፍጫ የወጣው ስለታም በመሆኑ፣ እንደ ኮሪዶራስ ያሉትን ወለል እየጫሩ የሚመገቡ ዓሣዎች ጢም ያቆስላል።

የፍሬው መጠን ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ የደቀቀው ይጠቀጠቃል፤ ከሥሩ አየር ሲያጣም የገማ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሻካራ ጠጠር ደግሞ የምግብ ትርፍራፊ በመሐሉ እየገባ ይበሰብስበታል።

ሳይከፍሉ መፈተን

የመጀመሪያውን ፈተና የግንባታ ሰዎች ያውቁታል። አሸዋውን በጠርሙስ እስከ ግማሽ ጨምሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ በደንብ አናውጦ ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ሲረጋ አፈሩ ከላዩ ይነጠፋል። የአፈሩ ንጣፍ ከወፈረ አይግዙ።

ሁለተኛው የአቼቶ ፈተና ነው። በደረቁ አሸዋ ላይ ጥቂት ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። አረፋ ባያወጣም፣ ጥቂቱን በባልዲ ውሃ ለአንድ ሳምንት ዘፍዝፎ የውሃውን ፒኤች ከመጀመሪያው ጋር ማስተያየት ጥርጣሬን ያጠፋል።

ስንት ኪሎ?

ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ለሆነ አኳሪየም 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ይበቃል። ይህም 16 ሊትር አሸዋ ነው። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ 1.6 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ በድምሩ ወደ 26 ኪሎ ይደርሳል። እጥበቱ የሚወስደውን አስቦ 30 ኪሎ መግዛት አይከፋም። ሻጩ እርጥብ አሸዋ በኪሎ ከመዘነልዎ ግን ለውሃ እየከፈሉ ነው።

ከተገዛ በኋላ በባልዲ ጥቂት ጥቂቱን፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይታጠብ፤ ሳሙና ግን አይንካው። አሸዋው ከተነጠፈ በኋላ ውሃው በሰሐን ላይ ቀስ ተብሎ ይፍሰስ። ብናኙ እስኪረጋም ፊልተሩ አይከፈት፤ አሸዋ የገባበት ፓምፕ ዕድሜው አጭር ነውና።

በአጭሩ፣ ደላላው «የታጠበ ነው» ቢልዎት ጠርሙስና አቼቶ ይዘው ይሂዱ። ፈተናው ቀላል ነው፤ የሚያድነው ግን ሙሉውን አኳሪየም ነው።