ተጨማሪ መረጃ፦ የሚጠብቅና የሚላላ የጨጓራ ቀለበት

በደቡብ ጎንደር፣ በስማዳና በጋይንት ብዙ ቤተሰቦች በሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ስለሚደገፉ፣ ስለ ውፍረት ቀዶ ሕክምና ማንሳት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ግን የአገራችን መልክ እየተቀየረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያት 22 በመቶዎቹ ከሲታ ሲሆኑ 8 በመቶዎቹ ከመጠን ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከውፍረት ቀዶ ሕክምና ዘዴዎች አንዱ የጨጓራ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከሲሊኮን የተሠራ ሲሆን በጨጓራ የላይኛው ክፍል ዙሪያ ይታሰራል። ከበላዩ ትንሽ ከረጢት ስለሚፈጠር በሽተኛው በጥቂት ምግብ ይጠግባል። ሐኪሙ ከሆድ ቆዳ ሥር ወደተቀበረች ትንሽ ቋት በመርፌ ጨዋማ ፈሳሽ ሲጨምር ቀለበቱ ይጠብቃል፤ ሲቀንስ ይላላል። ጨጓራም አንጀትም አይቆረጥም፤ ቀለበቱን መልሶ ማውጣትም ይቻላል። ለስላሳ መጠጥና ሌላ ጣፋጭ ፈሳሽ ግን በቀላሉ ያልፈዋል፤ ስለዚህ አመጋገብን ሳይቀይሩ ክብደት መቀነስ ያስቸግራል።

ቀለበቱ ሊንሸራተት ወይም የጨጓራውን ግድግዳ ሊቦረቡር ስለሚችል ለዓመታት ክትትል ይፈልጋል። ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ተነሥቶ ሩቅ ከተማ ለሚመላለስ ሰው ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ክትትሉ ሳይከብድ አይቀርም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 የፈቀደችው ይህ ዘዴ ዛሬ በአብዛኛው የጨጓራን ከፊል ቆርጦ በሚያወጣ ቀዶ ሕክምና ተተክቷል።