ኮኬዳማ

ጃፓኖች ዛፍን በትንሽ ዕቃ ውስጥ እየገረዙ ማሳደግን እንደ ታላቅ ጥበብ ይዘውታል፤ ይህም ቦንሳይ ይባላል። ከቦንሳይ ጋር ዝምድና ያለው ኮኬዳማ ግን መትከያ ዕቃ እንኳ አያሻውም። የተክሉ ሥር በአፈር ድቡልቡል ይከበባል፤ አፈሩም ሳረንስት ይለብሳል። ሳረንስት በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚታየው ደቃቅ አረንጓዴ ተክል ነው። በጃፓንኛ «ኮኬ» ማለት ሳረንስት፣ «ታማ» ማለት ድቡልቡል ነገር ነው፤ ሁለቱ ቃላት ሲጣመሩ «ታ» ወደ «ዳ» ይለወጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚዘጋጀው አፈሩ ነው። ጃፓኖች «ኬቶ» የሚሉትን፣ በረግረግ ቦታ ከበሰበሰ ሸምበቆና ሣር የተገኘውን ጥቁርና ተጣባቂ አፈር፣ «አካዳማ» ከተባለው ቀላ ያለ ጠጠርማ አፈር ጋር ይቀላቅላሉ። ብዙዎች ከፊተኛው 7 እጅ፣ ከኋለኛው 3 እጅ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ያያይዛል፤ ሁለተኛው ውሃና አየር ያሳልፋል። ድብልቁ ተጣባቂነት ካነሰው ድቡልቡሉ ይፈርሳል፤ አየር ካጣ ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል። እነዚህ አፈሮች በማይገኙበት አገር ሸክላማ አፈርን ከብስባሽ ጋር ለውሶ መሞከር ይቻላል። ጭቃው ተጨብጦ ሲለቀቅ ቅርፁን ከያዘና ውሃ ካላንጠባጠበ ለሥራ ደርሷል።

ቀጥሎ ጥላ የሚወድ ትንሽ ተክል፣ ለምሳሌ ፈርን፣ በጥንቃቄ ይነቀላል፤ አሮጌው አፈርም ከሥሩ ላይ በቀስታ ይራገፋል። ድቡልቡሉ ለሁለት ተከፍሎ ሥሩ በመካከሉ ከገባ በኋላ መልሶ ይጋጠማል። ከዚያም እርጥብ ሳረንስት ይለብስና ዙሪያውን በጥጥ ክር ይታሰራል። ሳረንስት አስተዳደጉ አዝጋሚ ስለ ሆነ ከአንድ ቦታ ጠራርጎ መውሰድ አይገባም፤ ከየሥፍራው ቁራሽ ቁራሽ መልቀም ይበቃል።

ሳረንስት የተመረጠው ለውበቱ ብቻ አይደለም። እውነተኛ ሥር የለውም፤ ውሃን የሚመጥጠው በመላ አካሉ ነው። ስለዚህ ጥልቅ አፈር ሳያስፈልገው በድቡልቡሉ ገጽ ላይ ብቻ ተጣብቆ ሊኖር ይችላል።

የኮኬዳማ ዋና ችግር ድርቀት ነው። በሁሉም ጎኑ ለአየር የተጋለጠ በመሆኑ በዕቃ ከተተከለው ተክል ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ውሃ መጠማቱን ለማወቅ ከዓይን ይልቅ እጅ ይሻላል፤ ተነሥቶ ሲቀልል ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ ይነከራል። ያን ጊዜ ከውስጡ አረፋ ይወጣል፤ አረፋው ሲያቆም ውሃው እስከ መካከሉ ዘልቋል ማለት ነው። ከዚያ ወጥቶ ከተንጠፈጠፈ በኋላ በዝርግ ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ አለዚያም በገመድ ታስሮ ጠራራ ፀሐይ በማያገኘው መስኮት አጠገብ ይንጠለጠላል።