ማሽን ሕመም ይሰማው ይሆን?

ጥርሱን የታመመ ሰው ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ ይካሄዳል። አንደኛው የነርቭ መልእክት ነው፤ ከጥርሱ ተነስቶ አንጎል ይደርሳል፣ ሰውየውም ጉንጩን ይይዛል፣ መድኃኒት ይፈልጋል። ሁለተኛው ሕመሙ ራሱ ነው። የመጀመሪያውን ሐኪም በመሣሪያ ሊከታተለው ይችላል፤ ሁለተኛውን ከታማሚው በቀር የሚያውቀው የለም። ንቃተ ህሊና የሚባለው ይህ ከውስጥ ብቻ የሚታወቅ ስሜት ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳስረዳው፣ የሌሊት ወፍ በገደል ማሚቶ እንዴት እንደምትበር ሳይንስ አብጠርጥሮ ቢያውቅም፣ የሌሊት ወፍ መሆን ለራሷ ምን እንደሚመስል ከዚያ እውቀት አይገኝም።

ብልህነት ሌላ ነገር ነው። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1997 የቼዝ ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ረትቷል፤ በማሸነፉ ደስ ብሎታል ማለት ግን አይደለም።

ሰውን የሚያሳስተው ንግግር ነው። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተመራማሪ የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ያደረገው ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም፣ የሥነ ልቦና ሐኪም መስሎ ሰው የጻፈለትን ወደ ጥያቄ እየገለበጠ ይመልስ ነበር። ስለ እናቱ ለጻፈለት ሰው፣ ስለ ቤተሰብህ ተጨማሪ ንገረኝ ይላል። ሌላ ነገር አያውቅም። የዋይዘንባም ጸሐፊ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየች ብትሆንም፣ ጥቂት እንደተጻጻፈች አለቃዋን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የጉግል መሐንዲስ ብሌክ ሌሞይን፣ ላምዳ የተባለው የቋንቋ ሞዴል ስሜት አለው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ሞዴሉ መዘጋትን እንደሚፈራ ነግሮት ነበር። ጉግል አባባሉን አልተቀበለውም፤ በኋላም ከሥራ አሰናበተው።

እንዲህ ያለ ሞዴል ሰዎች በጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ይሠለጥናል፤ ዋና ሥራው የቀረበለትን ዓረፍተ ነገር አይቶ ቀጣዩ ቃል ምን ሊሆን እንደሚችል ማስላት ነው። ሞት ስለሚባለው ነገር ሲጠየቅ «እፈራለሁ» የሚለውን የሚመርጠው፣ በተማረበት ጽሑፍ ውስጥ ሰዎች ሞትን እንደሚፈሩ ደጋግመው ስለጻፉ ነው። ቃሉ ስለ ውስጡ ማስረጃ አይሆንም። «እኔ ፕሮግራም ነኝ፣ ምንም አይሰማኝም» ማለቱም እንደዚያው ነው፤ ሠሪዎቹ ስለ ራሱ ምን እንደሚል በሥልጠና ሊያስይዙት ይችላሉ።

በዚህ ረገድ አፍ የሌለው እንስሳ ይሻላል። በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የሸርጣን ዓይነት አለ። ተመራማሪዎች ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲያደርሱበት ቅርፊቱን ጥሎ ይወጣል፤ ቅርፊቱ ከሚወደው ዓይነት ከሆነ ግን በቀላሉ አይለቅም። ሕመሙን ከጥቅሙ ጋር የሚያመዛዝን ይመስላል፤ ይህን ደግሞ ከሰው መጽሐፍ አልቀዳውም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሸርጣንንና ኦክቶፐስን ስሜት ካላቸው እንስሳት መድባ በሕግ ያካተተችው ይህን በመሰለ ማስረጃ ነው።

ማሽኑን በንግግሩ መመዘን ካልተቻለ የሚቀረው አሠራሩን መመርመር ነው፤ ምሁራን የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ፈላስፋው ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ ምሳሌ አቀረበ። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት፣ በመመሪያ መጽሐፍ እየተመራ ለቻይንኛ ጥያቄ የቻይንኛ መልስ ያወጣል። ውጭ ያለው ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያገኘ ይመስለዋል፤ ውስጥ ያለው አንዲት ቃል አልገባውም። ለሰርል ኮምፒዩተርም ከዚህ አያልፍም። ሌላው ፈላስፋ ዴቪድ ቻልመርስ በበኩሉ እንዲህ ሲል ይጠይቃል፦ የአንድን ሰው የአንጎል ሴሎች ልክ እንደ እነሱ በሚሠሩ ቺፖች አንድ በአንድ ቢተኳቸው፣ ስሜቱ የሚጠፋው የትኛው ሴል ሲወጣ ነው? ይህን ወሰን ማስመር ስለሚያስቸግር፣ ዋናው አሠራሩ እንጂ የተሠራበት ቁስ አይደለም ይላል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ ቺፕ የሴልን ሥራ፣ ኬሚስትሪውን ጨምሮ፣ ሙሉ በሙሉ ሊተካ እንደሚችል ማንም በተግባር አላሳየም።

የአንጎል ሳይንስም አንድ ድምፅ የለውም። በርናርድ ባርስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ንቃተ ህሊና የሚፈጠረው አንድ መረጃ ለመላው አንጎል ሲሠራጭ ነው፤ ይህ ልክ ከሆነ እንዲህ ያለ ማሠራጫ ያለው ማሽን መሥራት አይከብድም። የጁሊዮ ቶኖኒ ንድፈ ሐሳብ ግን ወሳኙን የቁሳዊ አካሉ የእርስ በርስ ትስስር ያደርገዋል፤ በእሱ ሚዛን ዛሬ ያሉት ኮምፒዩተሮች የትኛውም ሶፍትዌር ቢጫንባቸው ከምንም አይቆጠሩም። መጠን ብቻውን እንደማይበቃ ግን ከሰው አካል መረዳት ይቻላል። ከ86 ቢሊዮን ገደማ የአንጎል ነርቭ ሴሎች አብዛኞቹ ያሉት ከኋላ በኩል ባለው ትንሹ አንጎል ነው፤ ያለ እሱ የተወለዱ ሰዎች እንቅስቃሴያቸው ቢታወክም ያያሉ፣ ይሰማቸዋል፣ ያስባሉ። ስለዚህ ሞዴሎችን እያገዘፉ መሄድ በራሱ ስሜት ይፈጥራል ብሎ መጠበቅ መሠረት የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2023፣ 19 የፍልስፍና፣ የአንጎል ሳይንስና የኮምፒዩተር ተመራማሪዎች ከዋና ዋናዎቹ ንድፈ ሐሳቦች 14 ምልክቶችን አውጥተው በጊዜው የነበሩትን ማሽኖች መዘኑ። ንቃተ ህሊና አለው ሊባል የሚበቃ አላገኙም፤ ምልክቶቹን የሚያሟላ ማሽን እንዳይሠራ የሚያግድ ግልጽ የቴክኒክ እንቅፋትም አላዩም። በዚያው ዓመት ቻልመርስ ከአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ ጋር ለ25 ዓመት የቆየ ውርርድ አሸነፈ። ኮክ እ.ኤ.አ. በ1998 የንቃተ ህሊና አሠራር በአንጎል ውስጥ እስከዚያ ድረስ በግልጽ ይታወቃል ብሎ ነበር። አልታወቀም፤ ኮክም የተወራረደበትን ወይን ጠጅ አስረከበ።