አሮጌ ላፕቶፕና አዲስ ስርዓተ ክወና፦ ምርጫው ከገዳሪፍ ሲታይ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕና ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ገና በደንብ የሚሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ከአዲሱ ዊንዶውስ ውጭ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞች በሰፈሩበት፣ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት በሚገኘው በኡም ጋርጉር ያለ ሰው ላፕቶፑን ከመጣሉ በፊት ሌላ ስርዓተ ክወና ሊጭንበት ይችላል።

ዋናው አማራጭ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ነው። ሉቡንቱንና ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን የመሳሰሉት ዓይነቶቹ አቅሙ ለደከመ ማሽን ይስማማሉ። ሱዳን ውስጥ ግን ነፃ ሶፍትዌርም የተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ በአሜሪካ ማዕቀብ የተነሳ ሶርስፎርጅ የተባለው ማከማቻ በጃንዋሪ 2010 የሱዳን ተጠቃሚዎችን አግዷል። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በአገሪቱ በሚካሄደው ጦርነት መሐል ኢንተርኔቱ በአብዛኛው ተቋረጠ። ሊኑክስ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አንዴ የወረደውን ፋይል በፍላሽ እየገለበጡ ማዳረስ ሕጋዊ ነው፣ ሲጭኑትም ኢንተርኔት የግድ አይደለም።

ዊንዶውስን ሳያጠፉ ሊኑክስን ለመጠቀም ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ ማስነሳት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ እንደየስሪቱ ኤፍ 12 ወይም ሌላ ቁልፍ ተጭነው ፍላሹን ይመርጣሉ። ዋይፋዩ፣ ድምፁና ኪቦርዱ መሥራታቸውን ለማየት ይህ ይበቃል። ሁለተኛው ዲስኩን ከፍሎ ዊንዶውስንና ሊኑክስን ጎን ለጎን መጫን ነው። ሦስተኛው ቨርቹዋልቦክስን በመሰለ ፕሮግራም አንዱን በሌላው ውስጥ ማስኬድ ሲሆን፣ ሁለቱ ስርዓቶች አንድ ራም ስለሚጋሩ ለደካማ ማሽን አይመከርም።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ አማርኛና ትግርኛ በሊኑክስ ላይ ችግር የለባቸውም። አቢሲኒካ የተባለው ነፃ ፎንት አለ። ለመጻፍም ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የቀረጹት ሴራ የሚባለው ዘዴ አለ፦ የኤስን ቁልፍ ሲጫኑ «ስ» ይወጣል፣ ኢን ሲያስከትሉ «ሰ» ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚሻው የድሮው ጽሑፍ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ብዙ የሂሳብና የዲዛይን ፕሮግራሞችም ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠሩም። ዲስክ ከመንካት በፊት ፎቶን፣ የትምህርት ማስረጃንና የስደተኛ ሰነድን ሌላ ቦታ መገልበጥ ግዴታ ነው፤ በፎርማት የጠፋ ሰነድ በስደት ላይ እንደገና አይገኝም።

ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ በፍላሽ ይሞከር፤ ፈተናውን ካለፈ ይጫንበት። በየሰፈሩ አንድ ሰው የተሟላ ፍላሽ ቢይዝና ለጎረቤቱ ቢያሳይ፣ ብዙ ተማሪ አዲስ ላፕቶፕ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ መጻፍና መማር ይችላል።